በጋቢ ሥር የተገዛች ፒክአፕ

ጋሽ ላሚሶ ሲሞቱ ልጆቻቸው በሬሳ ሣጥኑ ዋጋ ላይ ከአናጺው ጋር ግማሽ ቀን ተከራከሩ። አናጺው ጨንቆት፣ "ኧረ ተዉ፣ አባታችሁ ናቸው እኮ! ሰው ይታዘበናል" ቢላቸው፣ ትልቁ ልጅ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ "አባታችን ስለሆኑ ነዋ! በጠራኸው ዋጋ ወስደን በምን ዓይናችን እንቀብራቸዋለን?" አለው አሉ።

ይህን በስልክ የነገረኝ ጥላሁን ነው። ጥላሁን በደርግ ጊዜ አለቃዬ ነበር። ያኔ "ጓድ ሥራ አስኪያጅ" እያልኩ አንቱ እለው ነበር፤ ሁለታችንም ጡረታ ስንወጣ ግን አንቱታው አፌን ስላደከመኝ ተውኩት፣ እሱም አልከፋውም። "አልማዝ፣ ጋሽ ላሚሶ አረፉ" አለኝ። ክው አልኩ። ቀጥሎ የሣጥኑን ነገር ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አይቻለሁ። አዋቂ አይቻለሁ፣ ባለሥልጣን አይቻለሁ። ግን ማን ነው የማትረሺው ብትሉኝ፣ አንዲት ፒክአፕ መኪና ለመግዛት አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የተከራከሩትን ሰውዬ እላችኋለሁ። ያውም ቁርጥ ዋጋ ላይ!

መሥሪያ ቤታችን ሐዋሳ ዋናው መንገድ ላይ ነበር፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ግሪክ መኪና መሸጫ ነበር አሉ። ተወረሰና የመንግሥት የመኪና ሽያጭ ቅርንጫፍ ሆነ። ሽያጭ ይባል እንጂ የሚሸጥ መኪና አልነበረንም። ሠራተኞች ግን ነበርን፤ ሥራ አስኪያጁ ጥላሁን፣ ታይፒስቷ እኔ፣ እንዲሁም አንድ ዘበኛ። ጠዋት ጠዋት ባዶውን አዳራሽ እናስወለውላለን፣ ከሰዓት በኋላ "የሚሸጥ መኪና የለም" የሚል ደብዳቤ እመታለሁ፣ ጥላሁን ይፈርማል። ውይይት ክበብ ላይ እንኳ የሥራ ክንውናችንን አቅርቡ ስንባል፣ የተወለወለውን መስታወት ነበር የምንዘረዝረው።

እንዲህ ስንኖር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ሰማያዊ ፒክአፕ መጣችልን። አንዲት ብቻ። ለማን እንደምትሸጥ የሚወስነው የድልድል ኮሚቴ ነው፣ እኛ አይደለንም። ዋጋዋን የሚወስነው አዲስ አበባ ነው፣ እኛ አይደለንም። የኔ ድርሻ ዋጋውን በታይፕ መምታት ነበር። ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ብዬ መታሁና ከሥሩ "ዋጋው ቁርጥ ነው" ብዬ ጨምሬበት የፊት መስታወቷ ላይ ለጠፍኩት።

ድልድሉ ከቱላ በላይ ላሉ ገበሬዎች ማኅበር ደረሰ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልገዙ ተራው ለአንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ያልፋል ይላል ደብዳቤው። የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ ምን የቸኮለ ሰው ነበር! ገና በሦስተኛው ቀን ሾፌሩን ልኮ ወንበሩን ለሽፋን አስለካ።

ገበሬዎቹ የላኩልን ጋሽ ላሚሶን ነው። ያኔ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ የሚጥሉ፣ ዕድሜያቸውን በከብት ገበያ የጨረሱ ሰው። መጡ፣ ከሁላችንም ጋር እየዞሩ ተጨባበጡ፣ ከዚያ መኪናዋን ይዞሯት ጀመር። ጎንዋን በመዳፋቸው ዳበሱ። የኋላዋን ገፋ ገፋ አድርገው ጸንታ መቆሟን አዩ። ቀጥሎ የፊት መብራቷ አጠገብ ቁጢጥ አሉና፣ "ጥርሷን ክፈቱልኝ" አሉ። ዘበኛው ኮፈኑን ከፈተላቸው። ብዙ ሰዓት አዩት። ምን እንዳዩ እግዜር ይወቅ።

"ስንት ትላላችሁ?" አሉ በመጨረሻ።

ጥላሁን በጣቱ ወረቀቱን አሳያቸው።

"እሱን አየሁት። እሱ ወረቀቱ ያለው ነው። እርስዎስ ስንት ይላሉ?"

"እኔም ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ ነው የምለው።"

"አሥራ አንድ ሺህ" አሉ።

ጥላሁን የቀለዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "አባቴ፣ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ የመንግሥት ነው፣ እኔ አንዲት ብር ብነካ የኢኮኖሚ አሻጥር ተብዬ ነው የምታሰረው" ብሎ አስረዳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ፣ "እሺ፣ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ" አሉት።

እምቢ ሲላቸው ጋቢያቸውን አጣፉና "እንግዲያው ይቅርብኝ!" ብለው ወጡ። እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል በመስታወቱ ውጭ ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ መንገዱን እያዩ። አንድ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ገቡ፤ ፊታቸው ተቆጥቷል።

"አልጠራችሁኝም እኮ!"

"ለምን እንጠራዎታለን?"

"ገዢ ተቆጥቶ ሲወጣ ይጠራላ! እንዴት ነው እናንተ የምትሸጡት? ማነው ያስተማራችሁ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና መሸጥ ከከብት ነጋዴ መማር ጀመርን ብላችሁ አይገርማችሁ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ይዞሯታል፣ እንከን ያወጡላታል። "ኋላዋ ከሲታ ነው።" "ድምጿን ሰማሁት፣ ጉንፋን ይዟታል።" ከዚያ ተቆጥተው ይወጣሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ "ጋሽ ላሚሶ፣ ይመለሱ እንጂ!" ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ዋጋው ያው ነው። የሳቸው ብቻ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል።

በአምስተኛው ቀን "ለመሆኑ ባለቤቷ ማነው? ለምን ይሸጣታል?" ብለው ጠየቁ። ጥላሁን ደረቱን ነፍቶ፣ "ባለቤቷ ሰፊው ሕዝብ ነው" አላቸው።

"እኔስ ከሰፊው ሕዝብ ውስጥ አይደለሁም?"

"ነዎት እንጂ።"

"ታዲያ የራሴን ድርሻ ቀንሱልኛ!"

እንኳን ጥላሁን፣ የውይይት ክበብ መምህራችን ቢጠየቅ እንኳ የሚመልሰው አይመስለኝም። ብቻ ጥላሁን በዚያው ከሰዓት በኋላ ለአዲስ አበባ ደብዳቤ እንድመታ አዘዘኝ፤ "ገዢው ካልተከራከርኩ አልገዛም ስላሉ መመሪያ ይሰጠን" የሚል። በቴሌግራም መልስ መጣልን፦ "ዋጋ አይቀነስም። የተባለው ክርክር ምን እንደሆነ በዝርዝር ተብራርቶ በሦስት ቅጂ ይላክ።" ጥላሁን ክርክሩን በሦስት ቅጂ ማብራራት ጀመረ። ግማሽ ገጽ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ወርውሮ ራሱን ያዘ።

እኔም አንድ ቀን ብቻቸውን ሳገኛቸው፣ "ለምን አይገዙም ግን? ቢከፍሉስ ምን ይሆናሉ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ሳይከራከሩ የገዙት ከብት ቤት አይለምድም። ገመዱን በጥሶ ወደመጣበት ይመለሳል።" በወጣትነታቸው ለሠርጋቸው ቸኩለው አንድ ቀይ በሬ በተጠራው ዋጋ ገዝተው ነበር። በሬው ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜም ሻጩ ግቢ ተገኘ። በመጨረሻ ሻጩ አዝኖላቸው፣ "ላሚሶ፣ አንተም እዚሁ ብትኖር አይሻልም?" አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ እንኳ አላሉም። እኔ ግን በኋላ ለጥላሁን ስነግረው ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ቀኑ አለቀ። ድልድሉ ዓርብ ያበቃል፣ ረቡዕ ሆኗል፣ እሳቸው ገና ሃያ ሺህ ላይ ናቸው። የዚያ መሥሪያ ቤት ሾፌር መስታወቱ ውጭ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። እኔ ድሮም ትዕግሥት የለኝም፤ ፈነዳሁ።

"ጋሽ ላሚሶ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ቂልነት ነው! ገበሬው በሽተኛ በቃሬዛ እየተሸከመ እርስዎ እዚህ ይቀልዳሉ! ዓርብ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ከዚያ ምን ሊሏቸው ነው?"

ጥላሁን ደንግጦ "አልማዝ!" አለኝ። ጋሽ ላሚሶ ግን አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ባለፈው ክረምት የልጄን ሚስት በቃሬዛ ይዘን ወጣን" አሉ። "ምጥ ነበር። ጭቃ ነው፣ ሸክም እየተቀባበልን ነው። ቱላ ስንደርስ ዝም አለች። አስፋልቱ ይታየን ነበር። ልጅቷንም፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም ይዘን ዞርን። ለዚያ ነው ይቺን መኪና የምፈልጋት። ከአንቺ በላይ እፈልጋታለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ታዲያ ለምን...?" አለ ጥላሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ቡናዬን ስሸጥ ዋጋውን እናንተ ትነግሩኛላችሁ። በቆሎዬን በኮታ ሳስገባ ዋጋውን እናንተ ትነግሩኛላችሁ። አሁን መኪና ልግዛ ብዬ ስመጣ ዋጋውን እናንተ ትነግሩኛላችሁ። እኔ መቼ ነው የምናገረው? ሲነገረኝ ኖሬ ያመጣኋትን መኪና ነገ አንዱ መጥቶ 'አምጣ' ቢለኝ እሰጠዋለሁ። ተከራክሬ ያመጣኋትን ግን አልሰጥም። ቤት መልመድ ማለት ይሄ ነው።"

ሐሙስ ጥላሁን መኪናዋን ሲዞራት ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ላሚሶ ከሁለት የማኅበሩ ሰዎችና ከአንድ ሾፌር ጋር መጡ። ጥላሁን ተነሥቶ ተቀበላቸውና፣ "ጋሽ ላሚሶ፣ ዋጋ በአፌ ልጠራ አልችልም። በጽሑፍም አልችልም" አላቸው።

"በእጅዎስ?"

"በእጄ እንዴት?"

በከብት ገበያ ነጋዴዎች ሰው እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ እጃቸውን በጋቢ ሥር ያገናኛሉ። ጣት እየያዙ፣ እየጨመቁ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ የያዙት ጣት ሺህ ይሁን መቶ ሁለቱ ያውቁታል። ጋሽ ላሚሶ ይህን አስረዱትና ጋቢያቸውን ዘረጉ። ጥላሁን አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን አየ። ከዚያ እጁን ሰደደ።

እንዲህ ያለ ነገር ዓይቼ አላውቅም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መኪናዋ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸው ጋቢ ሥር፣ ድምፅ የለም። ጋሽ ላሚሶ ጣሪያውን ያያሉ። ጥላሁን ቅንድቡ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። አንድ ጊዜ "አይሆንም!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ላሚሶ "በአፍ አይነገርም" ብለው ገሠጹት።

ይሄኔ ነው እንግዲህ ካድሬው ከተፍ ያለው! የአካባቢያችን ካድሬ ነው፣ ሳምንታዊ ጉብኝቱ ነው። አዳራሹ መሃል ቆሞ ሁለቱን ሰዎች አየ፣ ጋቢውን አየ። "ምንድን ነው የሚካሄደው?" አለ።

ጥላሁን ደርቆ ቀረ። እጁን እንዳያወጣ ጋሽ ላሚሶ ይዘውታል። ምን ነካኝ እስካሁን አላውቅም፤ ከታይፔ ኋላ ብድግ አልኩና፣ "ጓድ፣ የወዛደሩና የገበሬው ኅብረት ነው" አልኩ።

ካድሬው አሰበ አሰበና ፊቱ በራ። "ግሩም ነው!" አለ። "በርቱ!" አጨበጨበ። ሁለቱ የማኅበሩ ሰዎችም አጨበጨቡ፣ ዘበኛውም አጨበጨበ። ካድሬው በማስታወሻ ደብተሩ አንድ ነገር ጽፎ ወጣ። ጋቢው ሥር ያለው ነገር አንዴም አልቆመም ነበር።

ካድሬው ከወጣ በኋላ ጋሽ ላሚሶ እጃቸውን አውጥተው የጥላሁንን መዳፍ ጧ አደረጉት። "ተሸጠ!"

ጥላሁን ወደ እኔ ዞሮ፣ "ስንት ነው የሸጥኩት?" አለኝ።

"እኔ ጋቢ ውስጥ ነበርኩ እንዴ?" አልኩት።

"ሃያ አራት ሺህ" አሉ ጋሽ ላሚሶ። ጥላሁን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ስድስት መቶ ብር አወረዱት ማለት ነው። እጅ ከተመታ ቃል አይታጠፍም፤ ወረቀቱ ደግሞ አይታጠፍም። ሁለት ልጆች ነበሩት። "አበቃልኝ" አለ በቀስታ።

ጋሽ ላሚሶ ብሩን ከከረጢት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ሃያ አራት ሺህ። ከዚያ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ሰደዱና በመሐረብ የተቋጠረ ሌላ ብር አወጡ። ስድስት መቶ።

"ይሄ ደግሞ ምርቃት" አሉ።

"እንዴ! ምርቃት የሚሰጠው ሻጭ ነው እኮ!" አልኩ። ቲማቲም እንኳ ስገዛ ሁለት ፍሬ የምታስመርቅ ሴት ነኝ፣ አውቃለሁ።

"ሻጩ ሰፊው ሕዝብ ነው አላላችሁም? ሰፊው ሕዝብ ምን አለው? ድሃ ነው" አሉ። ከዚያ ጥላሁንን ትከሻውን ያዝ አደረጉት። "ዋጋውን እኔ አወረድኩ። ምርቃቱን እኔ ሰጠሁ። ማንም አላዘዘኝም። አሁን ደረሰኝዎን እንደፈለጉ ይጻፉ።"

ደረሰኙን መታሁ፤ ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ። አንድም ውሸት የለበትም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አበላሸሁት።

ሲወጡ መኪናዋን እንዴት ወሰዷት መሰላችሁ? ከፊቷ ብረት ላይ ገመድ አሰሩ። ሾፌሩ ቀስ እያለ ይነዳል፣ እሳቸው ገመዱን ይዘው ከፊት ከፊት ይጎትታሉ። "መንገዱን ትወቀው" አሉ። የሐዋሳ ሕዝብ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ እያየ እስከ አደባባዩ ድረስ ጎትተዋት ሄዱ። ያ ሌላኛው ሾፌር እንኳ መፋቂያውን አውጥቶ ሳቀ።

መኪናዋ ቤት ለመደች። ስንት ምጥ፣ ስንት በሽተኛ እንዳመላለሰች የቱላን ሰው ጠይቁ። ደርግ ሲወድቅ የማኅበሩ መጋዘን ሲዘረፍ ዘራፊዎቹ እሷንም ይዘዋት ሄደው ነበር። በሦስተኛው ቀን ነዳጅ ጨርሳ ቱላ መታጠፊያ ላይ ተገኘች፤ ፊቷን ወደ ቤት አዙራ። ጋሽ ላሚሶ ይህን ለመንገር ብለው ብቻ ቢሮዬ ድረስ መጡ። "አላልኩሽም?" አሉና ሌላ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጥተው ይጠይቁን ነበር። እኔ ሻይ እጋብዛቸዋለሁ፤ እሳቸው የሻዩን ዋጋ ከአሳላፊዋ ጋር ይከራከራሉ፣ ያወረዱትን መልሰው ጉርሻ ይሰጧታል።

ቀብራቸው ላይ ከጥላሁን ጋር አብረን ሄድን። ሰማያዊዋ ፒክአፕ፣ ቀለሟ ሁሉ ተላልጦ፣ ሣጥናቸውን ይዛ ከፊት ትሄዳለች። ትልቁ ልጃቸው ገመድ ይዞ ይጎትታታል። እኔ እዚያ ላይ ነው እንባዬን ያልቻልኩት።

ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ሰው ሁሉ እየቀረበ ተሰናበተ። የራሳቸው ጋቢ ተደርቦበት ነበር። ጥላሁን ተራው ሲደርስ ጎንበስ አለና እጁን ጋቢው ሥር ሰደደ። ቆየ። ከኋላችን ያሉት የሚጸልይ መስሏቸው ዝም አሉ። እኔ ግን ቅንድቡን አየሁት፤ ያ የድሮው ቅንድብ ነው። እጁን አውጥቶ ሣጥኑን በመዳፉ ጧ አደረገው።

ወደ ኋላ ሲመለስ ክንዱን ያዝኩና፣ "ስንት ላይ ተስማማህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አልተከራከርኩም" አለ።

"አብደሃል? እሳቸውን? ሳትከራከር ለአፈር ሰጠሃቸው?"

"አዎ" አለ፤ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። "ሳይከራከሩ የገዙት ወደመጣበት ይመለሳል ይሉ አልነበር?"